የእሁድ አደን

ከርከሮ የበቆሎውን ማሳ እያወደመ ስላስቸገረ፣ መንደርተኛው «እሁድም ይታደን» የሚል ሐሳብ ይዞ ተሰበሰበ። አያ ቸኮል ግን መሬቱን በከዘራቸው መትተው ተነሡ።

«በሰንበት ጥይት አይጮህም! እኔ በቁሜ እያለሁ አይሆንም!»

ውሳኔው ለሰኞ ተቀጠረ።

ነገሩ ለመንደሩ አዳኝ አልተዋጠለትም። አያ ቸኮል ደጀ ሰላም ከረገጡ ዓመት አልፏቸዋል፤ ከመቼ ወዲህ ነው ለሰንበት ተቆርቋሪ የሆኑት? «ጫካውን ለብቻቸው ሊያድኑበት ነው» ሲል ጠረጠራቸው።

እሁድ ጠዋት ሰው ሁሉ ቅዳሴ ላይ ሳለ፣ ሽማግሌው በጋቢያቸው ስር አንድ ነገር ሸሽገው፣ ግራ ቀኝ እየተገላመጡ ወደ ጫካው ገቡ። አዳኙም ጠመንጃውን አንግቶ፣ ኮቴውን እያጠፋ ተከተላቸው። አንድ ዋሻ ደጃፍ ሲደርሱ ከጋቢያቸው ስር ያወጡት ግን አገልግል ነበር። ጢሙ የጎፈረ ሰው ከዋሻው ወጥቶ ጉልበታቸውን ሳመ። አዳኙ ወዲያው ለየው፤ ካቻምና የአዳኙን ወንድም ገድሎ «ሱዳን ገባ» የተባለው የአያ ቸኮል ልጅ ነው።

አነጣጠረ። ሰንበት መሆኑ ትዝ ሲለው ግን አፈሙዙን ዝቅ አድርጎ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ሰኞ ከሰዓት ስብሰባው ከተጀመረ በኋላ አዳኙ ዘግይቶ ደረሰ።

«አያ ቸኮል እውነታቸውን ነው» አለ ገና ሳይቀመጥ። «ሰንበት ይከበር። ለአደኑ ሰኞም ቀን ነው።»

ሽማግሌው ደስ ብሏቸው ሊመርቁት እጃቸውን ዘረጉ። እሱም ትናንት ለልጃቸው ትተውለት የመጡትን አገልግል ከጋቢው ስር አውጥቶ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠላቸው።