የእናታችን በር

የፈረሱ ቤቶችን በርና መስኮት እሸጣለሁ። አሮጌ በር የሚገዛ ሰው፣ ምስጥ ውስጡን እንዳልበላው ለማወቅ በጣቱ መታ መታ አድርጎ ያዳምጣል።

ዛሬ ታላቅ ወንድሜ የእናታችንን በር ሊወስድ መጣ፤ ለአዲሱ ቪላው ያምራል አሉ! አሥር ዓመት ሙሉ ዓይኗ በር በሩን ሲያይ ኖሮ እስክትሞት ድረስ አንድ ቀን አላንኳኳውም።

“ምስጥ አልበላውም?” አለኝ።

“ቤቱን ሸጠህ የበላኸው አንተ ነህ፤ በሩስ ደህና ነው፣ ወንድም ጋሼ።”

እሱም ግንቡን ተደግፎ የቆመውን በር ሦስት ጊዜ መታ መታ አደረገው።

“መጣህ ልጄ?” አለች እናታችን ከበሩ ጀርባ። “ቆይ፣ ልክፈትልህ።”

ከዚያም ባለፈው ሳምንት በገዛ እጄ ነቅዬ የሸጥኩት መቀርቀሪያ ቀስ ብሎ ሲሳብ ሰማን።