መክፈቻው አንዴ ይበቃል

የመርዳሳ ሠርግ እሑድ ነው፤ የናዝሬቱ ቀበሌ ስብሰባም እሑድ ነው። ወይ ጣጣ! ሙሽራዋ ዘመናይ ሞጆ ተኳኩላ ትጠብቀዋለች፤ እሱ ከነሙሉ ልብሱ የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ተጎልቷል። በደርግ ጊዜ ከስብሰባ የቀረ፣ ሙሽራም ቢሆን፣ ጫጉላውን እስር ቤት ነው የሚጨርሰው።

አጀንዳው የሳሙና ራሽን ብቻ ነበር። መከራው መክፈቻው ነው። ሊቀ መንበሩ ጓድ አብተው መፈክር አሰምተው፣ ከጥንታዊው የጋርዮሽ ሥርዓት ተነሥተው ናዝሬት እስኪደርሱ ወገብ ይበጠሳል። እሱስ ባልከፋ። አንድ ሰው አርፍዶ ከገባ ግን «ጓዱ ሳይነቃ አይቀመጥም!» ብለው እንደገና ከሀሁ ይጀምራሉ።

ያን ቀን ለሦስተኛ ጊዜ ጀመሩ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ አንዴ ከተባለ ለሁላችንም አይበቃም?» አለ መርዳሳ ላብ እያጠመቀው።

«ንቃት ለሙሽራ ተብሎ አይቀነስም!»

መርዳሳ ወደ ሚዜው ወደ ወዬሳ ዞረ። «ያልመጣ ማን ቀረ?»

«ገርባ ነዋ! ያ የጭነት መኪና ሾፌር መቼ በሰዓቱ መጥቶ ያውቃል?»

መርዳሳ ቀስ ብሎ ሄዶ በሩን ከውስጥ ቀረቀረው። ሰዉ ሁሉ አይቶ እንዳላየ ፊቱን ወደ መድረኩ መለሰ።

ጓድ አብተው ፊውዳሉን በመገርሰስ ላይ ሳሉ የገርባ ክላክስ ውጭ አምባረቀ። ወዲያው በሩ ይደበደብ ጀመር።

«ኧረ በሞቴ፣ ያዙልኝ!» አለ መርዳሳ።

የኋላ ወንበር ሰው በሙሉ በሩን በጀርባው ተደገፈ።

«ይሄ ሰውዬ ምት ጠብቆ ነው እንዴ የሚደበድበው?» አለ ወዬሳ።

«ሰክሮ ይሆናል፤ አንተ ብቻ ግፋ!»

የውጭው ድምፅ እንዳይሰማ «ይውደም!» በተባለ ቁጥር ጣሪያው እስኪነቃነቅ ጮኹ፣ አጨበጨቡ፣ እልል አሉ። ጓድ አብተው እንዲህ ያለ የነቃ ሕዝብ አይተው አያውቁም፤ ደስታ አሰክሯቸው እየዘለሉ ጨረሱት። ሳሙናውም በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

«ተገላገልኩ!» ብሎ መርዳሳ በሳቅ እየተንፈቀፈቀ መቀርቀሪያውን ሳበው።

ዘመናይ ከነቬሎዋ፣ ከነከበሮ መቺዎቿ፣ ከገርባ መኪና ወርዳ ደጁ ላይ ቆማለች፤ «አንተ! በሠርገኛ ላይ በር የሚዘጋው የሴት ወገን አልነበረም እንዴ?»