በጀልባ ቤቱ በር የተለካው ሰው

እኔ ስዋሽ ዓሣ እንኳ ያምነኛል፤ ይህችን ግን እንደሆነችው ነው የማወራችሁ።

በኖርዌይ ደሴቶቻችን በሎፎተን የክረምቱ ዓሣ ማስገር ሳይጀመር፣ መርከበኞቹ ሁሉ የጀልባ ቤቱን በር ተደግፈን ፎቶ እንነሣለን። በአንዳንዶቹ አሮጌ ፎቶዎች ጥግ ላይ ፊቱ የማይለይ፣ ማንም የማያውቀው ሰው አለ። የሰፈሩን ፎቶዎች የምትሰበስበው እትዬ ሲግፍሪድ የበሩን ቁመት ስለምታውቅ በማስመሪያ ለካችው። ሰውየው የሚታየው ባሕሩ ሰው ባስቀረበት ዓመት ብቻ ነው። ቁመቱ በየጊዜው ይለያያል፤ ሁልጊዜም እዚያው ፎቶ ላይ ካለው የዚያ ዓመት ሟች ጋር እኩል ነው።

ዘንድሮም ፎቶው ላይ አለ። ነገ ጧት ደግሞ እንወጣለን።

«እስኪ ለኪው፣ እትዬ» አልኳት። «ወንድሜን አይቪንድን ካከለ ቦት ጫማው የእኔ ነው።»

«አፍህን ዝጋ፣ አንተ ቀላማጅ» አለኝ አይቪንድ። ፊቱ ግን ገርጥቷል።

እትዬ ሲግፍሪድ ደጋግማ ለካች፤ ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰች።

«ሁለት ሜትር ሊሞላ ምንም አልቀረው። ከእናንተ መሀል ይህን የሚያህል የለም። ተመስገን፣ ዘንድሮስ ተሳስቷል።»

አይቪንድ ሳቀና ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። ከዚያ ፎቶውን ወደ ዓይኑ አስጠጋው።

«ቆይ እስኪ» አለኝ። «ከትከሻዬ የማታልፈው ሰውዬ፣ እዚህ ላይ እኔን በልጠህ ከእሱ ጋር እኩል ሆነሃል። ለቀልድ ብለህ የዓሣ ሣጥን ላይ ወጥተህ ነው እንዴ የተነሣኸው?»