አስኳል በሊታው

በሰባ ስድስት ክረምት መግቢያ ሸኮ አጠገብ ላለ አንድ ገበሬ ማኅበር ትእዛዝ ወረደ፦ ያገሩ ኮርማ ሁሉ ይኮላሽ፤ ላም ሁሉ ከፈረንጅ ኮርማ ዘር ትዳቀል።

እታገኝ ደሟ ፈላ። ገንዲ የሚባለው የዝንብ በሽታ በረቷን ሲያራቁተው ንክች ያላደረገው ቦራን ብቻ ነው። ቦራ ሻኛ የሌለው ቀይ ኮርማ ነው፤ ግንባሩ ላይ ወደ ግራ ዐይኑ ያዘመመ ነጭ አለው። ከእሱ ጥጃ ላገኝ ብላ ከጌጫ ጥቁር ላም የገዛችው ገና በዚያ ሳምንት ነበር።

አዳቃዩ ይርዳው የፈረንጁን ኮርማ ዘር በረዶ አድርጎ የሚያቆይ የብረት ጋን ከሚዛን በበቅሎ ጭኖ መጣ። በማኅበሩ ስብሰባ ፊት ሲከፍተው የቅዝቃዜው ነጭ ጭስ ተነሣ።

«ይህ ጋን ሳይኖር የኮርማ ዘር በእንቁላል አስኳል ተለውሶ ነበር ሦስት አራት ቀን የሚቆየው» አለ። ስብሰባው ሳቀ።

እታገኝ አልሳቀችም። «የፈረንጁ ጥጃ ገንዲን ይችላል ወይ?»

ይርዳው አቀርቅሮ ጋኑን ከደነ። «ትእዛዝ ነው!» አለ ሊቀመንበሩ ወልደጻድቅ።

ከዚያ ዝናቡ የጅማን መንገድ ቆረጠው። የጋኑን ማቀዝቀዣ የሚያመጣው መኪና ሦስት ሳምንት አልመጣም። ማኮላሸቱ ግን አልቀረም።

«እትዬ፣ ቦራ ዛሬ እኔ ጋ ይደር፤ ነገ አኮላሸዋለሁ» አለ ይርዳው። «እንቁላልም ካለዎት ይስጡኝ፤ ለሥራ ነው።»

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ! ስድስት እንቁላል ወረወረችለት ማለት ይቀላል። በበሩ ስታልፍ ነጩን ለውሻ ደፍቶ አስኳሉን ብቻ ሲያስቀር አየችው። ስሙን አስኳል በሊታው ብላ አወጣችለት።

ቦራ ተኮላሽቶ ለማኅበሩ እርሻ ተነዳ። በማግስቱ፣ እንደ ሹፈት፣ ላሟ ኮርማ ፈለገች። ይርዳው መጥቶ ጋኑን ከፈተ። የዚያን ቀን አልጨሰም። ሥራውን ጨርሶ፦

«እትዬ፣ ይችን ላም እንዳይሸጧት» አላት።

«አንተን ብሸጥህ ይሻለኛል!»

እሑድ በስብሰባው መሐል ተነሣች። «ጓዶች! የደሃ እንቁላል አስኳል እያማረጠ የሚበላ አብዮተኛ አለ?»

ወልደጻድቅ ደስ አለው። አስኳል በሊታው «በዝባዥ» ተብሎ ተጻፈ። አብዮት ጠባቂዎች ይርዳውን የፊጥኝ አስረው ወደ ሚዛን ነዱት። በእታገኝ ደጅ ሲያልፍ አፉን ከፈት አድርጎ ላሟን አየ፤ መልሶ ዘጋው። እታገኝ «እሰይ!» አለች። ከዚያ ወዲህ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም።

በዘጠኝ ወሩ ላሟ አማጠች። እታገኝ ዝንጉርጉሩን የፈረንጅ ጥጃ ልትረግም እጅጌዋን ሰብስባ ቆመች።

ቀይ ጥጃ ወጣ፤ ግንባሩ ላይ ነጭ፣ ወደ ግራ ዐይኑ ያዘመመ።