ከመኪናው ሥር ያለው ደረቅ መሬት

ስምንት ሺህ ብር።

የውሃ ፓምፑ ከነእጅ ዋጋው ይህን ያህል ነበር።

መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ያዳምጣል… የእህቴ ልጅ አጠገቡ ቆሞ ኪሱን በእጁ ይዟል። የታክሲ ጓደኞቹ «ቆጣቢው» ይሉታል። አልተሳሳቱም።

«ይሰማሃል ይሄ ፉጨት? ፓምፑ እያለቀለት ነው» አለው መካኒኩ።

«ስንት ጊዜ ይቆይልኛል?»

«ጠንቋይ አደረግከኝ እንዴ? ጠዋት ጠዋት ከሥሩ እይ። አረንጓዴ ውሃ ካንጠባጠበ አንድ ቀን አትደር። ራዲያተሩ ውሃ ካጎደለ ወይም የሙቀት ቀስቱ ከመሃል ካለፈም እንደዚያው።»

ሦስት ምልክት ነገረው።

ቆጣቢው አንዱን መረጠ… መሬቱን።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ከቤት ሲወጣ መጀመሪያ ጎንበስ ብሎ ከመኪናው ሥር ያያል።

ደረቅ።

በማግስቱም ደረቅ።

«ጋሼ፣ ጠብታ የለውም እኮ» ይለኛል። «መካኒክ ሥራ ሲያጣ በሽታ ይፈጥራል።»

«ታዲያ ከኋላ የጫንከው የውሃ ጀሪካን ምንድን ነው?»

«ሙቀት ነዋ። በሙቀት ሰውም ውሃ ይጠጣል።»

«ሰው የጠጣውን የት እንደሚያደርሰው ይታወቃል። ያንተ መኪና የት ያደርሰዋል?»

ሳቀብኝ።

ሁለት ወር እንዲህ ሄደ…

አንድ ቀን ማለዳ፣ አብራው የምትኖረው እህቴ ጫማዋን ስታስር አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣመመ። ቀኝ እጇ ወደቀ።

ልጇ ደውሎልኝ ሮጬ ደረስኩ። የኋላ ወንበር ላይ ራሷን ጭኔ ላይ አድርጌ ወደ ሆስፒታል ወጣን።

መንገዱ ተጨናንቋል።

ቀስቱ ወጣ… ወጣ… ቀዩን ነካ።

«አቁመውና ሌላ መኪና እንለምን» አልኩት።

«እሷን ይዤ የት ልቁም ጋሼ?»

ከዚያ ቀስቱ በአንዴ ወደ ታች ወረደ።

«ተመስገን፣ በረደ» አለ።

አልበረደም… ውሃው ተሟጦ ነበር። ለካ መለኪያው የሚነካው ውሃ ሲያጣ እንዲህ ይዋሻል።

ድልድዩ መሃል ላይ ሞተሩ አንዴ ጮኸና ቀጥ አለ።

ከኋላችን ክላክስ በክላክስ ሆነ። እህቴን ተሸክመን በመኪኖቹ መሃል ሄድን… አንድ የማናውቀው ሰው ከድልድዩ ወዲያኛው ጫፍ በመኪናው እስኪያነሳን ድረስ።

ሐኪሟ መቼ እንደጀመራት ጠየቀችን። ነገርናት። ሰዓቷን አየች።

«መድኃኒቱ የሚሠራበት ጊዜ አልፏል» አለች።

በሳምንቱ የእህቴን ልብስ ልንወስድ ወደ ቤት ተመለስን። አከራይዋ በሩ ላይ ጠበቀችን።

«አይዞህ የኔ ልጅ» አለችው። ከዚያ መኪናው ይቆምበት የነበረውን ነጭ ሴራሚክ አየች። «ምስኪን… ጎንበስ ብላ ይህን ስታሽ ኖራ።»

«ምኑን?»

«ያንን አረንጓዴ እድፍ ነዋ። ሴራሚኬን አበላሸብኝ፣ መኪናውን ከግቢዬ ያውጣ ብዬ ነበር። ‹ለልጄ አትንገሪው፣ ጭንቀቱ ይበቃዋል፣ እኔ አጸዳዋለሁ› አለችኝ። በየማለዳው አንተ ሳትነሳ አጥባ በጨርቅ ታደርቀው ነበር።»



ቆጣቢው ባዶው ቦታ ድረስ ሄደ። ጎንበስ ብሎ አየ…

ደረቅ።

ወደ ሆስፒታሉ ተመለስን። ክፍሏ በር ላይ ክንዴን ያዘኝ።

«ጋሼ፣ እማ ይህን እንዳትሰማ። ምንም አትንገራት።»

አሁን ደግሞ እሱ በተራው ሊወለውልላት ነው።

ወዳጆቼ፣ ከምንወደው ሰው ላይ መጥፎ ምልክት መደበቅ ውለታ አይደለም። ከሦስት ምልክት ወጪ የሌለበትን መርጦ ማየትም ቁጠባ አይደለም።

ሂሳቡ ይኸው፦

ትርፍ… ስምንት ሺህ፣ ለሁለት ወር ብቻ።

ኪሳራ… አንድ ሞተር፣ የእህቴ ቀኝ እጅ፣ የእህቴ ንግግር።

ትናንት በግራ እጇ ወደ መስኮቱ አመለከተችና መሪ እንደማዞር አድርጋ ስለ መኪናው ጠየቀችኝ። «ደህና ነው» አልኳት።

እናንተ ብትሆኑ ትነግሯት ነበር?