ዝም ሲሉ የሚጠፋው ፎቶ

የከተማው ድልድይ የተመረቀ ዕለት የተነሳው ዝነኛ የዜና ፎቶ የቅጂ መብቱ የጋዜጣው ነው። በቅጂ መብት ሕጉ መሠረት ሰው ቤት ውስጥ የሚታየው አንድ ሰው አስተያየት እየሰጠበት ሳለ ብቻ ነው፤ ዝም ከተባለ ይጠፋል። ለእትዬ ውድነሽ ደግሞ ከሟች ባላቸው የቀራቸው ምስል፣ ሰውዬው እዚያ ሕዝብ መሃል ቆመው የሚታዩበት ይኸው ፎቶ ብቻ ነው። ፎቶው እንዳይጠፋ ስለ እሱ ሲያወሩ ሰንብተው በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ድምፃቸው ተዘጋ፤ ፎቶው የተሰቀለበት ግድግዳም ባዶ ሆነ።

ለቀስተኛው በእሳቸው ፈንታ ለመናገር ተራ ገባ። "ደግ ሰው ነበሩ" ሲባል ፎቶው ብቅ አለ። አምስተኛው ሰው ያንኑ ሲደግም ደበዘዘ፤ ድግግሞሽ አስተያየት ሆኖ አይቆጠርም።

ያኔ ከሟች ጋር ሃያ ዓመት የተኳረፉት ጎረቤት አቶ ደለለኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ይሄ ኮፍያ መቼም አምሮበት አያውቅም። አቋቋሙን ደግሞ እዩልኝ! ድልድዩን እሱ የሠራው ይመስል!"

ፎቶው ቦግ አለ።

እትዬ ውድነሽ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው ሳቡና በሹክሹክታ፣ "ደለለኝ፣ በሞቴ እንዳታቆም" አሉ። "ጫማውን ገና አልነካኸውም።"