የጋሽ ይርጋ ድርሻ

ምግብ በየማለዳው ለየቤቱ በሰው ልክ ተመዝኖ መምጣት ከጀመረ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አንዲት ጉርሻ አትተርፍም። እኔ ደግሞ ዛሬ ምግቡን በሚያከፋፍለው መሥሪያ ቤት ጀማሪ የዳታ ተንታኝ ሆኜ ገባሁ።

አለቃዬ ወይዘሮ ዘርትሁን፣ «ምግብ እየወጣላቸው በቤታቸው በር ካሜራ ግን ታይተው የማያውቁ ሰዎችን ፈልጊ፤ ከመዝገብ ይሰረዛሉ» አሉኝ።

ረፋዱ ላይ አንድ አገኘሁ። ይርጋ በቀለ፣ ዕድሜ ስልሳ። አድራሻውን ሳየው የእኛ ቤት ነው።

እማዬ ጋ ደወልኩ። «ጋሽ ይርጋ ማናቸው?»

«እንግዳ ነዋ፤ ስሙን ፈጥሬ ያስመዘገብኩት እኔ ነኝ» አለች ሳትደነግጥ። «ሁሌ ከድኜ የማስቀምጠው ሳህን ከየት የሚመጣ መስሎሻል? ሰው ድንገት ቢመጣ ምን ላቅርብለት?»

ለአለቃዬ እውነቱን ነገርኳቸው። ሥራዬ በመጀመሪያው ቀን ያለቀ መሰለኝ። እሳቸው ግን ስክሪኑን ትክ ብለው አዩና፣ «ከመሰረዛችን በፊት ቤቱ ድረስ ሄደን ማጣራት አለብን» አሉ። «ምሳም አልበላሁ።»

እማዬ በር ላይ ስታያቸው የተከደነውን ሳህን አወረደች። «ጋሽ ይርጋ ዛሬ ሴት ሆነው መጡ» አለችኝ እየሳቀች።

ከሰዓት በኋላ መዝገቡ ላይ «ይርጋ በቀለ፣ በአካል ታይተዋል» ብዬ ጻፍኩ። ወይዘሮ ዘርትሁን አፋቸውን እየጠረጉ ፈረሙ።